የማዕረግ ዕድገት፣ የአገልግሎት ዘመንና የጡረታ መብት በመከላከያ ሠራዊት፤ ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

ከእንጅባራ፣ ከዳንግላ፣ ከቻግኒ ወይም ከአዲስ ቅዳም ተነሥቶ ወደ ማሠልጠኛ የሚሄድ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ደመወዙና ስለ ሥልጠናው ቆይታ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ባለጉዳይ ሆኖ ሲመለስ ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ ማዕረጉ በዚያ ደረጃ ለምን ቆመ፣ የአገልግሎት ዘመኑ እንዴት ተሰላ፣ አብሮት ከሠለጠነው ባልንጀራው የእርሱ አበል ለምን አነሰ። የሁለተኛው ጊዜ ጥያቄዎች መልስ በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተመዘገቡ ነገሮች ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የማዕረግ ዕድገትን፣ በአገልግሎት መቆየትንና ጡረታን አንድ ላይ ያቀርባል። አገልግሎቱን ለመጀመር ያሰበ፣ በአገልግሎት ላይ ያለና የተሰናበተ አባል፣ እንዲሁም የአባላት ቤተሰቦች እንዲጠቀሙበት የተዘጋጀ ነው።

የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋፅኦ ያካተተ እንዲሆን፣ ተግባሩንም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ በሆነ አኳኋን እንዲያከናውን ይደነግጋል። በመከላከያ ሚኒስትርነት የሚሾመውም ሲቪል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንቀጽ 74 መሠረት የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ሲሆን፣ ከፍተኛ የውትድርና ማዕረጎችን ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሰጠው በአንቀጽ 71 ሥልጣን የተሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። የጄኔራልነት ማዕረግ ሹመት በብሔራዊ ቤተ መንግሥት በይፋ የሚከናወነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሕገ መንግሥቱ በታች ሠራዊቱ የሚመራባቸው ሕጎች በየጊዜው ተለውጠዋል። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 27 በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 809፣ ይህም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1100 ተተክቷል። ለባለጉዳዩ ይህ ቅደም ተከተል የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ አባል የተቀጠረበት፣ ማዕረግ ያገኘበትና የተሰናበተበት ጊዜ በተለያዩ ሕጎች ሥር ሊወድቅ ስለሚችል፣ ጥያቄ ሲቀርብ በቅድሚያ የሚታየው የትኛው ውሳኔ መቼ እንደተሰጠ ነው።

ማዕረግ የሚያድገው እንዴት ነው

የሠራዊቱ ማዕረጎች በአራት ወገን ይከፈላሉ። ከወታደር ጀምሮ በምክትል አስር አለቃ፣ በአስር አለቃና በሃምሳ አለቃ በኩል የሚወጡት ባለሌላ ማዕረግ ይባላሉ። ከምክትል መቶ አለቃ እስከ ሻምበል ያሉት መስመራዊ መኮንኖች፣ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል ያሉት ከፍተኛ መኮንኖች፣ ከብርጋዴር ጄኔራል ጀምሮ ያሉት ደግሞ ጄኔራል መኮንኖች ናቸው። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃና መቶ አለቃ የሚሉት ስሞች ራሳቸው እንደሚናገሩት ማዕረግ ከመነሻው የተለካው ሰው በሚያዝዘው ሰው ብዛት ነው። ዛሬም የዕድገት ሥርዓቱ ከዚህ አሳብ ብዙ አልራቀም፤ ማዕረግ የሚሰጠው ለሰውየው ብቻ ሳይሆን ለሚይዘው የሥራ መደብ ጭምር ነው።

ስለዚህ ዕድገት በዕድሜ ብዛት ወይም በአገልግሎት ርዝመት ብቻ አይገኝም። አባሉ በያዘው ማዕረግ ላይ የተወሰነውን የቆይታ ጊዜ መጨረስ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናውና የዲሲፕሊን ማኅደሩ ለዕድገት የሚያበቃው መሆን፣ ለሚቀጥለው ማዕረግ የሚጠየቀውን ትምህርትና ሥልጠና ማጠናቀቅ፣ ከሁሉም በላይ በአደረጃጀቱ ውስጥ ክፍት መደብ መኖር አለበት። የቆይታ ጊዜውን የጨረሰ አባል ዕጩ ሆነ ማለት እንጂ ማዕረጉን አገኘ ማለት አይደለም። ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው እነዚህ ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ስለሚታዩ ነው።

ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር መደቡ ይጠባል። አንድ ሻለቃ ጦር ብዙ አስር አለቆች ያስፈልጉታል፤ አዛዡ ግን አንድ ነው። ከሃምሳ አለቃ ወደ መኮንንነት መሻገር ደግሞ የራሱ በር አለው፤ ይኸውም የመኮንንነት ሥልጠና ነው። በአገራችን ዘመናዊ የመኮንን ትምህርት በ1927 ዓ.ም. አካባቢ በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ በኋላም በሐረር ጦር አካዳሚ፣ ትምህርት ያለው ወጣት በዕጩ መኮንንነት ገብቶ ከታች ለዓመታት ያገለገለውን የሚቀድምበት ሁኔታ ነበረ። ይህ በሌሎች አገሮች ሠራዊትም ያለ ነው። ከዞኑ ለሚነሣ ወጣት ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሲመለመል የነበረው የትምህርት ደረጃ ከብዙ ዓመት በኋላ በማዕረጉ ላይ ይታያል። በአገልግሎት ላይ ሆኖ ትምህርቱን የሚያሻሽል አባልም የምስክር ወረቀቱ በግል ማኅደሩ መግባቱን ራሱ መከታተል ይጠበቅበታል። በኪሱ የያዘው ዲፕሎማ ለምዘናው አይቆጠርለትም።

በአገልግሎት ማቆየት፤ ከቀደሙት ዘመናት

ለአዊ ሕዝብ የጦር አገልግሎትና ማዕረግ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የዐድዋንና የአርበኝነት ዘመንን ውለታ የሚዘክር ነው። በዚያ ዘመን የዘማቹ ዋጋ መሬትና ሹመት ነበር፤ ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች እየተባለ የሚሰጠውም ማዕረግ የሥልጣንና የግዛት ምልክት ነበረ። ደመወዝተኛ ወታደር፣ የቆይታ ጊዜ፣ ምዘናና ጡረታ የሚባሉት ነገሮች የመጡት መደበኛ ጦር ከተቋቋመ በኋላ ነው።

መደበኛው ጦር ስለ አያያዝና ስለ ዕድገት ያነሣቸው ጥያቄዎች የአገሪቱን ታሪክ የለወጡበት ጊዜ አለ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ያመፀው በመጀመሪያ በምግብና በመጠጥ ውኃ ነበር። ቅሬታው ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ ሲዛመት የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ሆነ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ባላቸው አባላት የተዋቀረው ደርግ ተቋቋመ። ከሻለቃ በላይ ያሉት መኮንኖች በስብስቡ ውስጥ አለመኖራቸው በታችኛውና በላይኛው ማዕረግ መካከል የነበረውን ርቀት ያሳያል።

ደርግ የሰው ኃይል ችግሩን ለመፍታት የሞከረው በግዴታ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ዜጎችን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት የሚጠራ፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመት በተጠባባቂነት የሚይዝ ነበር። በብሔራዊ ውትድርና የዘመተ አባል ውትድርናን የዕድሜ ልክ ሙያው አድርጎ አልገባም፤ የማዕረግ ዕድገትም ለእርሱ ብዙ ትርጉም አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል፤ በዞኑ ከተሞችና ገጠር ቀበሌዎችም ዛሬ ድረስ የማኅደር ጥያቄ ይዘው የሚመጡ የዚያ ዘመን አባላት አሉ።

ከዚያ በኋላ የተመሠረተው ሠራዊት መነሻው ማዕረግ ያልነበረው ታጋይ ነበርና፣ መደበኛ ማዕረግ ሥራ ላይ የዋለው ከ1988 ዓ.ም. አዋጅ ጋር ተያይዞ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሠራዊቱ በፍጥነት ሰፋ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ አባል የማሰናበትና መልሶ የማቋቋም ሥራ ተሠራ። ሠራዊት ሲሰፋ ዕድገት ይፈጥናል፤ ሲቀንስ ግን በመካከለኛ ማዕረግ ላይ ያለው አባል ከፊቱ ክፍት መደብ ያጣል። የተሰናበተውም፣ በማዕረጉ የቆመውም የውሳኔው ተጋሪዎች ናቸው። በሌላ በኩል ልምድ ያለው መኮንን በወጣ ጊዜ የሚፈጠረው ክፍተት በቀላሉ አይሞላም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደ አበባው ታደሰ፣ ባጫ ደበሌና ዮሐንስ ገብረ መስቀል ያሉ ጡረታ የወጡ ጄኔራል መኮንኖች ወደ ሠራዊቱ እንዲመለሱ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ዛሬ ምልመላ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ፈቃደኛው አባል ግን ሲገባ ለተወሰነ ዘመን ለማገልገል ውል ይገባል። ከዘመኑ በፊት በራስ ውሳኔ ጥሎ መሄድ ኩብለላ ሆኖ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል፤ የአገልግሎት ዘመን ሲሰላም ብዙ ክርክር ያስነሣል። የቤተሰብ ችግር ወይም ሕመም የገጠመው አባል ጥያቄውን በጽሑፍ ለክፍሉ ማቅረቡና የሰጠበትን ቅጂ መያዙ ኋላ የሚመጣውን ጣጣ ያስቀርለታል።

ማዕረግ በጡረታ አበል ላይ ያለው ውጤት

የሠራዊት አባላት ጡረታ የሚመራው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ለሲቪል ሠራተኛ መንግሥት 11 በመቶ ሲያዋጣ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል የሚያዋጣው 25 በመቶ ነው፤ አባሉ ራሱ እንደ ሲቪሉ ሁሉ ከመደበኛ ደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል። መንግሥት ከፍ ያለ መዋጮ የሚከፍለው የሠራዊት አባል ቀድሞ ጡረታ ስለሚወጣና አደጋውም ስለሚበዛ ነው።

አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሠራዊት አባል 1.65 በመቶ፣ ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል። ድምሩ ከ70 በመቶ አይበልጥም። አንድ የሠራዊት አባል ይህን ጣሪያ የሚነካው 34 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ በ19 ዓመቱ የተቀጠረ ከሆነ ያን ጊዜ 53 ዓመቱ ነው።

የሚከተለው ምሳሌ ቁጥሩን ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው፤ የየትኛውንም ማዕረግ ደመወዝ አያመለክትም። ከዳንግላ የተመለመለ አባል 21 ዓመት አገልግሎ ጡረታ ወጣ እንበል። መቶኛው 30 ሲደመር የ11 ዓመት 18.15፣ በድምሩ 48.15 ይሆናል። ደመወዙ ለ3 ዓመት 6,000 ብር ከነበረ አበሉ 2,889 ብር ነው። ጡረታ ከመውጣቱ 3 ዓመት ቀድሞ ማዕረግ አግኝቶ ደመወዙ 7,000 ብር ሆኖ ቢሆን ኖሮ 3,370 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኝ ነበር። ያንኑ ማዕረግ ያገኘው በመጨረሻው ዓመት ብቻ ከሆነ ግን አማካዩ 6,333 ብር ገደማ ስለሚሆን አበሉ ከ3,050 ብር አይዘልም። ማዕረጉና የመጨረሻ ደመወዙ እኩል ሆኖ፣ ዕድገቱ በመዘግየቱ ብቻ በየወሩ የ320 ብር ያህል ልዩነት ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ዕድገቱን በጊዜው አግኝቶ በዚሁ 7,000 ብር ሌላ 5 ዓመት የቆየ እንደሆነ መቶኛው 56.4 ደርሶ አበሉ 3,948 ብር ይሆናል።

ማዕረግ ሌላም ነገር ይወስናል። የሲቪል ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ የሠራዊት አባል የጡረታ መውጫ ዕድሜ ግን በመከላከያ ሕጎች እንደ ማዕረጉ የሚወሰን ነው፤ ዝቅ ያለ ማዕረግ ያለው ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ዕድገት ያላገኘ አባል ደመወዙ ብቻ ሳይሆን የሚያገለግልበት ዘመንም ያጥራል። የአሜሪካ ሠራዊት በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የመኮንኖች አስተዳደር ሕግ መሠረት በተደጋጋሚ ዕድገት ያላገኘ መኮንን በአብዛኛው እንዲሰናበት ያደርጋል። የኢትዮጵያው ሥርዓት በዕድሜ በኩል ይሂድ እንጂ ዓላማው ተቀራራቢ ነው፤ ከታች ለሚመጣው መደብ መክፈት። ለተቋሙ የሚበጅ ቢሆንም በ40ዎቹ ዕድሜው የሚሰናበት አባል ልጆቹን ገና በማሳደግ ላይ ሊሆን ይችላልና፣ ሁለተኛ ሥራ የሚጀምርበትን ዕቅድ ከስንብቱ በፊት ማውጣቱ ይመከራል።

የስንብቱ ምክንያትም ይታያል። የጡረታ ዕድሜው ደርሶ የወጣ፣ በጤና ጉድለት የተሰናበተ፣ በራሱ ፈቃድ የለቀቀና በጥፋት የተሰናበተ አባል መብታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው አበሉ ወዲያውኑ ላይጀምርለት ይችላል። መልቀቂያ ከመፈረም በፊት የተቆጠረውን አገልግሎትና በስንብት ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረውን ምክንያት በግልጽ ማወቅ ተገቢ ነው።

በምዝገባ ወቅት የተነገረ ዕድሜ

በጡረታ ጉዳይ ተደጋግሞ ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ ይህ ነው። የጡረታ ሕጉ ለስሌት የሚቀበለው አባሉ መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ዕድሜ ነው። ለመመልመል ቸኩሎ ዕድሜው ላይ 2 ዓመት የጨመረ ወጣት ከብዙ ዓመት በኋላ 2 ዓመት ቀድሞ ይሰናበታል፤ በላዩም 3.3 በመቶ የአበል ጭማሪ ያጣል። በኋላ የሚመጣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ማስረጃ ያንን አይለውጥለትም። በአገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በተደራጀ ሁኔታ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ የአብዛኞቹ የዞኑ ወጣቶች ዕድሜ የሚታወቀው በወላጅ ቃል፣ በክርስትና ቀን ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ነው። ወላጆች ልጃቸው ለምዝገባ ሲሄድ ትክክለኛውን ዘመን አብረው አጣርተው ቢያስይዙ ይበጃል።

የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። በቀበሌ መታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በሠራዊቱ ማኅደር የተጻፈው የአባትና የአያት ስም በአንዲት ፊደል ቢለያይ እንኳ በባንክና በጡረታ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ጥያቄ ያስነሣል። በአዊኛ የሚጠሩ ስሞች በአማርኛ ሲጻፉ ከአንድ በላይ አጻጻፍ ሊኖራቸው ስለሚችል ነገሩ በዞኑ ጎላ ብሎ ሊታይ ይችላል። ማስተካከያው አባሉ በአገልግሎት ላይ እያለ ቢጠየቅ ይቀልላል።

ጉዳት የደረሰበት አባልና የሟች ቤተሰብ

በግዳጅ ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት የማይችል አባል ጉዳቱ በሕክምና ቦርድ ሲረጋገጥ የደመወዙን 47 በመቶ የጉዳት ጡረታ ያገኛል፤ በአገልግሎት ዘመኑ የሚሰላው አበል ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ የሚበልጠው ይከፈለዋል። ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ ሆኖ መሥራት የሚችል ከሆነ ደግሞ የጉዳት ዳረጎት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ለምሳሌ ደመወዙ 5,000 ብር፣ ጉዳቱ 20 በመቶ የሆነ አባል የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ የዚያው 20 በመቶ፣ ማለትም 28,200 ብር ይታሰብለታል። የሕክምና ማስረጃው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ካልተያዘ ከዓመታት በኋላ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ መድረሱን ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።

አባሉ ከሞተ የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ ወላጆችም እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ፤ ድምሩ ከሙሉ አበሉ አይበልጥም። በባህላዊ ሥርዓት ተጋብተው ጋብቻቸውን ያላስመዘገቡ ባልና ሚስት በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታሉ። ጋብቻን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብና የልጆችን ልደት በማኅደር ማስያዝ የአንድ ፈቃድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ሐዘን ላይ ባለች እናት ላይ ከሚወድቅ ይልቅ በሕይወት ያለው አባል ቢፈጽመው ይሻላል።

ከክልል ልዩ ኃይል የተዛወሩ አባላት

በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንደገና እንዲደራጁ ሲወሰን አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ የመግባት፣ አለዚያም ወደ ሲቪል ኑሮ የመመለስ ምርጫ ቀርቦላቸዋል። በዚህ መንገድ ወደ መከላከያ የገባ የዞኑ ተወላጅ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ እየተከፈለውና የጡረታ መዋጮ እየተቆረጠ ያገለገለበትን ዘመን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከነመዋጮ ዝርዝሩ አስመጥቶ በአዲሱ ማኅደሩ ማያያዝ አለበት። ከላይ በቀረበው ስሌት ለምሳሌ የ4 ዓመት አገልግሎት ሳይቆጠር ቢቀር 6.6 በመቶ የአበል ጉድለት ያስከትላል።

ቅሬታ የሚቀርበው የት ነው

የማዕረግ ዕድገት ቅሬታ በመጀመሪያ የሚታየው በእዝ ሰንሰለቱ ውስጥ ነው። አባሉ ለዕድገት ያልታጨበትን ምክንያት ከቅርብ አለቃው የመጠየቅና ምላሹ ካላረካው ወደሚቀጥለው እርከን የማቅረብ መንገድ አለው፤ ደረጃ ዘሎ የቀረበ አቤቱታ ብዙ ጊዜ ወደ መነሻው ይመለሳል። የዞኑ ወይም የወረዳው አስተዳደር በዕድገት ላይ ውሳኔ አይሰጥም።

የጡረታ ቅሬታ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ውሳኔውን የሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኞችን ማኅበራዊ ዋስትና የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በውሳኔው ያልተስማማ ባለጉዳይ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ያቀርባል። ጉባዔው በፍሬ ነገር ላይ የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ወገን ግን ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ባለጉዳዩ ሲመጣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት ደመወዝ የሚያሳይ ማስረጃ፣ የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤዎቹን፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያውንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ይዞ ይቅረብ። የሟች ቤተሰብ ከሆነ የሞት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች ይጨመራሉ። ዋናው ቅጂ በእጁ ይቆይ፤ ለመሥሪያ ቤት የሚሰጠው ከዋናው ጋር የተመሳከረ ፎቶ ኮፒ ነው።